የመንግሥት ጫማ በአውድማዬ ላይ

ሰው ስለማያውቀው ነገር ሲናገር ድምፁ ይጎላል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ስለ ጤፍ ስናወራ፣ ስለ በሬ ስናወራ፣ ስለ ድንበር እንኳ ስናወራ ረጋ ብለን ነው፤ ብንሳሳት የሚያርመን ሰው አጠገባችን ተቀምጧልና። ስለ ጨረቃ፣ ስለ ፈረንጅ አገርና ስለ ሴት ልጅ አቅም ሲሆን ግን ጉሮሯችን እንደ ክረምት ወንዝ ይከፈታል። ስለ ጨረቃዋ እንኳ አንዳንዴ እንጠራጠራለን።

ባለፈው ሰሞን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚኒባስ ስሄድ የሹፌሩ ሬዲዮ አንድ ነገር ተናገረ። ሴቶች በውትድርና ከወጥ ቤትና ከጽሕፈት ቤት አልፈው ታንክ እየነዱ፣ መድፍ እየተኮሱ፣ ፈንጂ እያመከኑ ነው አለ። መኪናው ውስጥ የነበርነው ወንዶች በአንድ አፍታ ሁላችንም የጦር አዋቂ ሆንን። ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ ባለ ከዘራ፣ በዕድሜው ከከዘራው ሌላ መሣሪያ ጨብጦ የማያውቅ፣ “የሴት ልጅ አጥንት ለስላሳ ነው፤ የመሣሪያ ክብደት አይችልም” ብሎ ፈረደ። “አይችልም! አይችልም!” አልን። ይህን እያልን ሚኒባሱ መንገድ ዳር የምትሄድ አንዲት ሴት ላይ ደረሰ። ጀርባዋ ላይ እንጨት፣ ከእንጨቱ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ ከፊቷ ደረቷ ላይ የታቀፈ ሕፃን። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋባት። ጥጓን ይዛ አሳለፈችን። እኛም አልፈናት ስለ አጥንቷ ልስላሴ ውይይታችንን ቀጠልን።

እኔ መሀል ላይ ዝም አልኩ። ዐዋቂ ሆኜ አይምሰላችሁ። የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ቁርአንና እርፍ ነው። ዝም ያልኩት አምና አውድማዬ ላይ የሆነው ትዝ ብሎኝ ነው።

አውድማ ማለት ለከተማ ሰው እህል የሚወቃበት ሜዳ ነው። ለእኛ ደግሞ ከመስጊድ ቀጥሎ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ነው። መሬቱ ይደለደላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በእበት ተለቅልቆ እንደ መዳፍ ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ሕግ አለው። እዚያ ላይ እህል አይቆጠርም፣ አይፎከርም፣ “አለቀ” አይባልም። ከሁሉ በላይ ግን ሴት አትረግጠውም። ለምን ቢባል በረከቱ ይሸሻል። ማን አለ ቢባል አባቶቻችን። ለአባቶቻችን ማን ነገራቸው ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ድሮም ዘንድሮም ኩርኩም ነው የሚቀምሰው።

እኔ ቁርአን ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። ክርስቲያኑ ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ በእነሱም መጽሐፍ የለም ይላል። ቢሆንም ሁለታችንም እንጠብቃለን። እኛ አርብ፣ እነሱ እሑድ፤ እኛ ረመዳን፣ እነሱ ሁዳዴ፤ በሴትና በአውድማ ጉዳይ ግን አንድ ኡማ፣ አንድ ሕዝብ ነን።

እንግዲህ ይህን ጤፍ ነሐሴ ላይ ዝናብ ጀርባዋን እየወቃት ያረመችው ሚስቴ ቶይባ ናት። ኅዳር ላይ ከእኔ እኩል ያጨደችው፣ ነዶውን አስራ ተሸክማ አውድማው ድረስ ያደረሰችው እሷ ናት። ድረስ ማለቴ እስከ ዳሩ። ዳሩ ላይ ስትደርስ በረከት የምታሸሽ ሴት ትሆናለች። ምሳ ስታመጣ ከዋንዛው ዛፍ ሥር ታስቀምጥና “ኧረ ምሳ!” ብላ ተጣርታ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሆነ። እኔም ሠላሳ ዓመት በልቼ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

የዚህ ሁሉ ሕግ ጠባቂ አያ ይመር ነው። ሹመቱን የሰጠው የለም፤ ዕድሜውና ድምፁ ሾሙት። አውድማ በተዘረጋ ቁጥር ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ጫማ ያላወለቀውን ያስወልቃል፣ የሳቀውን ይገሥጻል፣ በስምንት ክንድ ርቀት ያለፈችውን ዶሮ እንኳ ሴት መሆኗን አይቶ ያባርራል።

አምና ታህሳስ ላይ ነው። ደቦ ጠርቼ ስድስት በሬ ከጠዋት እስከ ዙህር ሲያበራይልኝ ዋለ። ዙህር ሰግጄ ተመልሼ ገለባውን በመንሽ ስገለብጥ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። ጎንበስ አልኩ። የበሬ ኮቴ ልቅላቂውን ልጦት፣ ከአፈሩ ውስጥ ክንፍ ያለው ብረት ጭራውን አውጥቷል። ጦርነቱ በዚህ ሲያልፍ ጥሎልን የሄደው፣ ሳይፈነዳ የተቀበረ የከባድ መሣሪያ ጥይት ነው። በሬዎቹ ስንት ጊዜ እንደረገጡት አላህ ያውቃል። እኔም ከኋላቸው ስዞር ነው የዋልኩት። ደግነቱ ባዶ እግሬን ነበርኩ፤ ሕግ አልጣስኩም።

እንዴት እንደሮጥን አልነግራችሁም። የኛ ሰው ጀግና ነው ስለሚባል ስማችንን አላጠፋም። ብቻ አያ ይመር ያለ ከዘራ መሄድ ይችል እንደነበር ያን ቀን አወቅን።

ቀበሌው ዘንድ ተደወለ፤ ነገ ጠዋት ባለሙያ ይመጣል ተባለ። የዓመት ጉርሳችን ግማሹ መሬት ላይ ተበራይቶ፣ ግማሹ ክምር ላይ ሆኖ፣ መሀሉ ላይ ያ ብረት ተኝቶ አደረ። ደግሞ ያለ ወሩ በአምባሰል ራስ ላይ ደመና ተቀምጧል። የተበራየ ጤፍ ዝናብ ካገኘው ይጠቁራል፤ ከጠቆረ ደግሞ በሬም አፍንጫውን ያዞርበታል። ሱብሂ ሰግጄ እጄን ዘረጋሁ። “ያ ረቢ፣ ይህን የሚያነሳልኝ ሰው ላክልኝ” አልኩ። ሰው ነው ያልኩት። ወንድ ይሁን ማለቱን ወላሂ ረስቼው ነው።

ረፋድ ላይ አንዲት የወታደር ፒክአፕ አቧራዋን እየጎተተች መጣች። በአንደኛው በር ቁመቱ የበር መቃን የሚያህል፣ ጢሙ የተጠቀለለ ወታደር ወረደ። አያ ይመር ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለው።

“አላህ ክንድህን ያጽናው! አላህ ዓይንህን ያብራው! የኛ አንበሳ!”

ወታደሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት አያ ይመር አሚን በሉ ብሎን አሚን አልን፤ ሊናገር ሲል ሌላ ምርቃት ጀመረ። በዚህ መካከል በሌላኛው በር አንዲት አጠር ያለች የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ወርዳ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ጋሽ ደምሴ ደግ ሰው ነው፤ “ልጄ፣ ሴቶቹ ከዋንዛው ሥር ናቸው፤ ውሃ የጠማሽ እንደሆነ” ብሎ በእጁ አመለከታት።

ያን ጊዜ ረጅሙ ወታደር ትንፋሽ አገኘ። “ኧረ አባቶቼ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። ፈንጂ አምካኟ እሷ ናት፤ ሃምሳ አለቃ ዘሃራ።”

አያ ይመር የሰጠውን ምርቃት ለማስመለስ እንደሚፈልግ ሰው ዘርግቶት የነበረውን እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።

ልጅቱ ግን ሰላምታችንን ተራ በተራ ተቀብላ፣ ማን እንዳየው፣ መቼ እንዳየው፣ ማን እንደነካው ጠየቀች። አነጋገሯ የኛው ነው፤ ያች ከማዶ ያለችው የአምባሰል ሸንተረር አፏ ላይ አለች። “መነሳት የሚችል ከሆነ አንስቼ ገደሉ ውስጥ አፈነዳዋለሁ” አለች። “መነሳት የማይችል ከሆነ ባለበት ነው የሚፈነዳው።”

ባለበት ማለት ጤፌ ላይ ማለት ነው። “የትኛው ነው ታዲያ?” አልኳት።

“ገብቼ ሳላየው አላውቅም፣ አባቴ።”

ገብቼ! እሷ ይህን ስትል የሁላችንም ዓይን አያ ይመር ላይ ሄደ።

“ልጄ” አለ አያ ይመር፣ እንደ ሽማግሌ ሳል አስቀድሞ፣ “አላህ ያክብርሽ፤ መምጣትሽ ጥሩ ነው። ግን አውድማ ነው።”

“ዐውቃለሁ፣ አባ። እናቴ ምሳ ይዛ ከዳር ሆና ስትጣራ ነው ያደግሁት።”

“ጎሽ፣ ካወቅሽማ ተግባባን። ሹፌሩ ይግባ።”

ሹፌሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። “እኔ መሪ ነው የተማርኩት። ያን ብረት እኔ የነካሁት እንደሆነ በላይዳ ነው የምትሰበስቡኝ” አለ። ላይዳ እህሉን የምናዘራበት የእንጨት አካፋ ነው። ማንም አልሳቀም፤ አያ ይመር ብቻ ላይዳው ለእህል እንጂ ለሰው እንደማይሆን በዝግታ አስረዳው።

ከዚያ ምክር ተጀመረ። እኛ ደግሞ ምክር ከጀመርን አላህ ይርዳን። ልጅቱ በቃሬዛ ትነሳ፣ አራት ወንድ ተሸክመዋት ይግቡ፣ እግሯ መሬቱን ሳይነካ ከላይ ሆና ትሥራ የሚል ተነሳ። እሷም፣ “ቃሬዛውንስ አምጡት፣ ሳያስፈልግ አይቀርም። ግን ተሸካሚዎቹ እነማን ናቸው?” አለች። ተሸካሚ ጠፋ። ቀጥሎ ጋሽ ደምሴ፣ እሷ ከዳር ቆማ እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አድርግ እያለች ብትነግርስ፣ ወንድ ገብቶ ቢሠራውስ አለ። ሁላችንም ተደሰትን። መናገሩ የሷ፣ መሥራቱ የወንድ፤ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል ታይቶ አይታወቅም።

“ደግ” አለች ሃምሳ አለቃዋ። “ማን ይገባል?”

ወገኖቼ፣ አንዱ የበሬው ገመድ መላላቱን ያን ጊዜ አየ። አንዱ ቆቡን አውልቆ ውስጡን መረመረ። ጋሽ ደምሴ ወገቡን ያዘ፤ ከትናንት ጀምሮ ይዞት እንደነበር ገለጸልን። እኔም የጤፉ ባለቤት ነኝ፤ እኔም የእግሬን ጣት ስቆጥር ነበር። አሥር ናቸው።

አያ ይመር ግን ሕግ ዐዋቂ ነው። ብዙ አሰበና ብድግ አለ። “ተገኘ!” አለ። “ይህች ልጅ ሱሪ ለብሳለች። መሣሪያ ታጥቃለች። ማዕረግ አላት። ስለዚህ ለዛሬ ወንድ ናት! አሚን በሉ።”

“አሚን!” አልን፣ ከልባችን። የሁሉም ፊት በራ። እንኳን እሷ ሹፌሩም ወንድነቱን አዲስ የተሰጠው ይመስል ደስ አለው።

ሃምሳ አለቃ ዘሃራ ግን ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። “አባ፣ ወንድ ከሆንኩማ እኔም ከወንዶቹ ጋር ከዚያ ጉብታ ሥር ልደበቅ።”

ከዋንዛው ሥር የሴቶች ሳቅ ፈነዳ። የኔ ቶይባ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

አያ ይመር፣ “ሴት ከአውድማ ዳር አትሳቅ!” ብሎ ጮኸ።

“ከዳር ካልሳቅሁ ገብቼ ልሳቅ?” አለች ቶይባ። ቀጥላም እኔን ጠራችኝ። “አንተ ሰውዬ! በረከትህ ትናንት በዚያ ብረት ላይ በሬ ስትነዳ ያልሸሸ፣ አሁን ከዚች ልጅ እግር ነው የሚሸሸው?”

ልጅቱ ሳቋን ሰብስባ ወደ እኔ ዞረች። “አባቴ፣ አውድማው ባለቤት አለው። ግቢ ይበሉኝ፣ ሴት ሆኜ እገባለሁ። አትግቢ ካሉኝም አልቀየምዎትም። ከዚህ በታች ባለው መንደር ልጆች ከብት የሚጠብቁበት ላይ ሌላ አንድ አለ፤ ከአስር ሶላት በፊት እዚያ መድረስ አለብኝ።”

ቀና ብዬ ደመናውን አየሁ። የአምባሰልን ራስ ለቆ ወደ እኛ ጀምሯል። አያ ይመርን አየሁ፤ ራሱን ይነቀንቃል። ቶይባን አየኋት፤ የነሐሴው አረም ፊቷ ላይ አለ።

“ቢስሚላህ ብለሽ ግቢ፣ ልጄ” አልኩ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ይህን ስል ፈራሁ። የፈራሁት ግን ለልጅቱ አልነበረም። ያ ብረት እጇ ላይ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሰው ልጅ ናት፣ እናት አላት። እኔ ግን የሰጋሁት ለበረከቱ ነው። ይህን ነገር በሶላቴ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ እስካሁንም ግንባሬን መሬት ሳስነካ ያሳፍረኛል።

ሁላችንንም ጉብታው ሥር አባረረችን። ከባድ ልብሷን ደረቷ ላይ አሰረች፣ የራስ ቁሯን ደፋች፣ ወደ አውድማው ሄደች። ልትረግጠው አንድ እርምጃ ሲቀራት አያ ይመር ከተደበቀበት አንገቱን አወጣና ባለ በሌለ ኃይሉ ተጣራ።

“እሺ ግቢ! ጫማሽን ግን አውልቂ!”

ቆመች። ወደ ኋላ ሳትዞር፣ “ጫማው የመንግሥት ነው! አላወልቅም!” አለች። ገባችም።

በመንግሥት ላይ ምን ይባላል? አያ ይመር አንገቱን መለሰ።

በሆዷ ተኝታ ያን ብረት ለረጅም ጊዜ አየችው። በብሩሽ አፈሩን ትጠርጋለች፤ ታቆማለች፤ ታያለች፤ ደግሞ ትጠርጋለች። እኔ አያተል ኩርሲን ሦስት ጊዜ ጨረስኩ። አጠገቤ ጋሽ ደምሴ እመብርሃንን ይጠራል። አንድ የዝናብ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ባለበት የሚፈነዳ ነው ብላ የምትነሳ መሰለኝ። እሷ ግን ወደ መኪናው ሄዳ አሸዋ የሞላበት የእንጨት ሣጥን አመጣች። ብረቱን አውጥታ አስተኛችው። ሣጥኑን አቅፋ ተነሳች።

አካሄዷን ማየት ነበረባችሁ። አፉ ድረስ የሞላ እንስራ ተሸክማ ጠብታ እንዳይፈስባት የምትሄድ ሴት አካሄድ ነው። ይህን አካሄድ የት ነው የማውቀው ብዬ አሰብኩ። ከምንጭ የምትመለስ ቶይባ ናት። ሠላሳ ዓመት በዓይኔ ፊት እንዲህ ስትሄድ አንድም ቀን ጉብታ ሥር ተደብቄ “ያ ረቢ፣ አድርሳት” ብዬ አላውቅም።

ገደሉ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ሽቦ ዘረጋች፤ ተመልሳ እኛ ዘንድ መጥታ “ጆሯችሁን ያዙ” አለች። ምድር ተንቀጠቀጠች። የጋሽ ደምሴ በሬ ገመዱን በጥሶ እስከ ጎረቤት ቀበሌ ሄደ። ሰው ግን አልሞተም፤ ጤፌም ካለበት አንዲት ዘለላ አልተነካችም። አያ ይመር ብቻ መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ ግንባሬን ደፍቼ ሱጁድ ላይ ነበርኩ ብሏል። ወደየት ዞሮ እንደነበር አልጠየቅነውም።

በሬዎቹን መልሰን አስገባን። እጃችን እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም፤ አበራየን፣ አዘራን፣ የመጨረሻውን ጆንያ ጎተራ ስናስገባ ዝናቡ ለቀቀው። ስንት ጆንያ ሆነ እንዳትሉኝ፤ አይቆጠርም ብያችኋለሁ። ጎተራው ግን አፉ አልዘጋ አለ።

ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ከዋንዛው ሥር ከሴቶቹ ጋር ሆና ምሳ ቀመሰች። ቶይባ ከራሷ ድርሻ ነው የሰጠቻት። እኔም ላመሰግናት ሄጄ፣ አባትሽ በዚህ ሥራ እንዴት አስቻለው ብዬ ጠየቅኋት።

“ሁለት ዓመት አኩርፎኝ ነበር” አለችኝ። “ሴት ልጅ ይከብዳታል ብሎ። እህቴን አረብ አገር ሲሸኛት ግን ይከብዳታል ያላት የለም። የሦስት ፎቅ ቤት ብቻዋን ታጥባለች፤ ትተኛ እንደሆነም አላውቅም። በረከቱ ከሷ አልሸሸም መሰለኝ፣ የቤታችን ቆርቆሮ የሷ ነው።”

እኔም አንዲት ልጅ ሪያድ አለችኝ። ስትሄድ ቦርሳዋን ተሸክሜ ሐይቅ መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። አጥንቷ ለስላሳ ነው ብዬ አልነበረም፤ ቦርሳው አዲስ ስለነበር ነው።

እንግዲህ በረከቱ አልሸሸም። ይህ ደግሞ ለአያ ይመር ትልቅ ራስ ምታት ሆነ። ሴት ገብታለች፤ እህሉ በዝቷል፤ ሕጉ የት ይግባ? ሳምንት ሙሉ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አሰበ። አርብ ከጁምዓ ስንወጣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ፍርዱን ሰጠ። “አውድማውን የሴት እግር አልረገጠውም። የረገጠው የመንግሥት ጫማ ነው። ጫማው ደግሞ ወንድም ሴትም አይደለም” አለ። እፎይ አልን። ሕጋችን ዳነ። ጋሽ ደምሴም ለክርስቲያኑ ወገን ፍርዱን ተቀበለ። እኔም ተቀበልኩ፤ የቀረው ሁሉ እንደ ነበረው ስለሚቀጥልልኝ። ቶይባ ጎተራውን እየለቀለቀች ነበር፤ ነገርኳት። እጇን ከእበቱ ሳታወጣ፣ “እንዴት አለ? ደግመህ ንገረኝ” አለችኝ። ደግሜ ነገርኳት። ሌላ ምንም አላለች። ሴት ልጅ አንድን ነገር ሁለቴ አስነግራ ዝም ስትል መጠንቀቅ እንዳለብኝ እስከ ዘንድሮ አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ ታህሳስ መጣ። አውድማው ተለቀለቀ፣ በሬው ገባ፣ አያ ይመር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። የምሳ ሰዓት ሆነ፤ እኛም ጆሯችንን ወደ ዋንዛው አቀናን። “ኧረ ምሳ” የሚል ድምፅ ግን አልመጣም። የመጣው የጫማ ድምፅ ነው። ዞር አልን። ቶይባ ሌማቱን በራሷ ላይ፣ ማሰሮውን በእጇ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ገመዳም የወታደር ቦት ጫማ አድርጋ ቀጥታ ወደ አውድማው ትመጣለች። ጫማው ከውጫሌ ገበያ ከአሮጌ ጫማ ነጋዴ የተገዛ ነው፤ አንዱ ክር ጥቁር አንዱ ቀይ። ሰፍቷት ኳ፣ ኳ ይላል። ዳሩ ላይ ደረሰች። አልቆመችም።

አያ ይመር ከድንጋዩ ተነሳ። አፉን ከፈተ። ጣቱን አነሳ።

“ጫማው የመንግሥት ነው፣ አያ ይመር” አለች ቶይባ፣ ሌማቱን መሀል አውድማ ላይ እያወረደች።

አያ ይመር ጫማውን አየ። እኔን አየ፤ እኔ በሬ እያየሁ ነበር። ጋሽ ደምሴን አየ፤ ወገቡን ይዟል። ፍርዱ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ በአደባባይ የተሰጠ ነው፤ አይመለስም። ጣቱን ቀስ ብሎ አወረደና ተቀመጠ።

“ምሳው ምንድን ነው?” አለ።

እንግዲህ ሬዲዮው ታንክና መድፍ ይላል፤ ይበል። አላህ ለታንክ የሄዱትን ይጠብቅልኝ። እኛ ቀበሌ ያለው አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአውድማ ወደ አውድማ በተራ ይዞራል፤ ጫማው የሰፋባት ክሩን ታጠብቃለች፣ እግሯ የወፈረባት ክሩን ፈትታ ትሄዳለች። አንድም ሴት ያለ ጫማው አልገባችም፤ እኛ ሕግ የምናከብር ሰዎች ነን። ሐሙስ ተራው የአያ ይመር ሚስት ነው። ትናንት ወደ መስጊድ ስሄድ በራቸው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ጫማው እንዳይሰፋባት ጫፉ ውስጥ የሚጠቀጥቅላት ጨርቅ እየቀደደ ነበር።